ኩቡና ጉልላቱ፦ የሚዕማር ሲናን ሕይወት



ምህንድስና የጀመረ ተማሪ ሁሉ የአንደኛ ዓመቱን የድሮዊንግ ክፍል አይረሳውም። ኩብ፣ ሲሊንደር፣ ኮን፣ ፒራሚድ፣ ሉል፤ ከላይ፣ ከፊትና ከጎን ሲታዩ ምን እንደሚመስሉ ስንስል ስንት ሌሊት አንግተናል። ብዙዎቻችን ፈተናው ካለፈ በኋላ እነዚህን ጠጣር ምስሎች ዳግም የምናገኛቸው አይመስለንም። ከ400 ዓመት በፊት ወደ አኼራ የሄደ አንድ ሙስሊም መሐንዲስ ግን ሃምሳ ዓመት ያህል የሁለቱን ጥያቄ ይዞ ኖረ፤ የኩቡንና የሉሉን። ጥያቄው ሲነገር ቀላል ነው። አራት ማዕዘን በሆነ ቤት ላይ ክብ ጉልላት እንዴት ይቀመጣል? ተቀምጦስ ከሥሩ የሚሰግደው ሰው ሶፉ በምሰሶ ሳይቆራረጥ እንዴት ይቆማል?

ይህ ሰው ሲናን ነው። ዓለም የሚያውቀው ሚዕማር ሲናን፣ ማለትም ግንባታ ዐዋቂው ሲናን በሚለው ስሙ ነው። ሕይወቱን ባጭሩ እናያለን። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከአግርናስ የተወሰደው ወጣት

ሲናን የተወለደው በ1490 አካባቢ፣ በአናቶሊያ ምድር፣ ከካይሰሪ ከተማ አጠገብ ባለች አግርናስ በምትባል መንደር ነው። ቤተሰቦቹ ክርስቲያኖች ነበሩ። በቀዳማዊ ሱልጣን ሰሊም ዘመን የመንግሥት ሰዎች ወደ መንደሩ መጡና ወጣቱን ወሰዱት።

ይህ አወሳሰድ ዴቭሺርሜ ይባል ነበር። የኦስማን መንግሥት ከክርስቲያን ቤተሰቦች ወንዶች ልጆችን መርጦ ይወስዳል፤ ያሰልማል፣ ያስተምራል፣ ከዚያም ጃኒሳሪ በሚባለው ጦር ወይም በቤተ መንግሥት ሥራ ያሰማራል። ከመካከላቸው ጠቅላይ ሚኒስትር እስከመሆን የደረሱ አሉ። እኛ የሲናንን መስጂዶች ስለምንወድ ብቻ ይህን ጉዳይ አሳምረን ማለፍ አይገባንም። እምነት በግዳጅ እንደማይሆን ዲናችን አስተምሮናል፤ ልጇን የተነጠቀች እናት ሐዘንም ልጇ በኋላ ትልቅ ሰው ሆነ ተብሎ አይሰረዝም። ሲናንም ቢሆን የመጣበትን አልረሳም፤ ወደዚህ ኋላ እንመለሳለን።

ሲናን ሲወሰድ ከተለመደው ዕድሜ ከፍ ያለ፣ ሃያዎቹን የጀመረ ወጣት ነበር። ኢስታንቡል ሲደርስ ሙያ እንዲመርጥ ሲባል አናጢነትን መረጠ። መጋዝና መጥረቢያ ይዞ የእንጨትን ጠባይ ተማረ፤ የትኛው እንደሚታጠፍ፣ የትኛው እንደሚሰነጠቅ፣ አንዱ ከሌላው በምን እንደሚገጣጠም በእጁ ዐወቀ። ከመጽሐፍ በፊት እጁ ተማረ ማለት ነው።

በጦር ሜዳ የተማረ መሐንዲስ

ከዚያ በኋላ ወደ ሃያ ዓመት የሚጠጋ ጊዜ ወታደር ሆነ። በ1521 በቤልግሬድ፣ በ1522 በሮድስ፣ በ1526 በሞሃች ዘመቻዎች ነበረ። በ1534 እና 1535 ደግሞ ጦሩ ባግዳድ ድረስ ሲሄድ አብሮ ተጓዘ። ሌላው ወታደር ከተማ ሲያይ ሲናን ግድግዳ ያይ ነበር። በየደረሰበት የቆዩ ሕንፃዎችን ይመረምራል፤ የፈረሰውን ለምን እንደፈረሰ፣ የቆመውን ምን እንዳቆመው ይጠይቃል። ፍርስራሽ ለእሱ መማሪያ ክፍል ሆነለት።

ችሎታው የታየው በሁለት አጋጣሚ ነው። አንደኛው በቫን ሐይቅ ላይ ነው። ጦሩ ከሐይቁ ማዶ ያለውን የሳፋቪዶች እንቅስቃሴ ማወቅ ፈለገ፤ ጀልባ ግን አልነበረም። ሲናን ሦስት መርከቦች ሠርቶ አስታጠቀና ራሱ እየመራ ወደ ማዶ ወረደ። ሁለተኛው በ1538 በሞልዳቪያ ዘመቻ ነው። የፕሩት ወንዝ ዳርቻ ረግረግ ስለነበር የሚተከለው ድልድይ ሁሉ ይሰምጥ ነበር። ሲናን ሥራውን ተረክቦ በ13 ቀን አቁሞ ጦሩን እንዳሻገረ በሕይወት ታሪኩ ተጽፏል።

በ1539 የቤተ መንግሥቱ ዋና መሐንዲስ ቦታ ክፍት ሆነ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሉጥፊ ፓሻ የቫኑንም የፕሩቱንም ሥራ በዓይኑ ያየ ሰው ስለነበር ሲናንን አቀረበ። ሲናን በመጀመሪያ ከለመደው ከጦሩ መለየት ከብዶት ነበር ይባላል። በመጨረሻ ግን ብዙ መስጂድ የመሥራት ዕድል እንደሚያገኝ አስቦ ተቀበለ። ዕድሜው ወደ ሃምሳ ነበር። ሌላው ጡረታ በሚያስብበት ዕድሜ ሲናን ሥራውን ገና መጀመሩ ነው።

ጥያቄው ምን ነበር?

የቀረውን ታሪክ ለመረዳት ጥያቄውን እንየው። አንድ ካርቶን ላይ ግማሽ ብርቱካን ድፉ። ብርቱካኑ አራቱን ጠርዞች ይነካል፤ አራቱ ማዕዘኖች ግን ባዶ ይቀራሉ። ክቡ ወደ ካሬ የሚሸጋገርበት መላ ያስፈልጋል። ከጥንት የታወቀው አንዱ መላ ፔንደንቲቭ ነው። በአራቱ ጎን አራት ቅስቶች ይቆማሉ፤ ከየማዕዘኑ ደግሞ ከትልቅ ሉል የተቆረጠ የሚመስል ጎባጣ ሦስት ማዕዘን ወደ ላይ እየሰፋ ይወጣል። አራቱ ከላይ ሲገናኙ ክብ ይሠራሉ፤ ጉልላቱ እዚያ ላይ ያርፋል።

ሁለተኛው ችግር የባሰ ነው። የጉልላት ክብደት ወደ ታች ብቻ አይወርድም፤ ከሥሩ ወደ ውጭ ይገፋል። ጣቶቻችሁን አጋጥማችሁ ሁለት መዳፎቻችሁን እንደ ጎጆ ጣሪያ አድርጉና ሰው ከላይ ይጫናችሁ፤ ክርናችሁ ወደ ጎን ይሸሻል። ጉልላቱ በሰፋ ቁጥር ግፊቱ ይጨምራል። መሐንዲሱ ግፊቱን በወፍራም ግንብና በምሰሶ ይዞ ማቆም ይችላል፤ ነገር ግን ምሰሶው መሀል ከገባ ሶፍ ይቆርጣል፣ ኢማሙን ይጋርዳል፣ ብርሃን ይከለክላል። ጥበቡ ኃይሉን በሰጋጁ መካከል ሳያሳልፉ ወደ መሬት ማውረድ ነው።

ተለማማጁ፣ ሠራተኛውና ሊቁ

ሲናን ከሥራዎቹ ሦስቱን በደረጃ አስቀምጧቸዋል ተብሎ ይነገራል። አንዱን የተለማማጅነቱ፣ ሁለተኛውን ሙያ የያዘ ሠራተኛ የሆነበት፣ ሦስተኛውን የሊቅነቱ ሥራ ብሎ።

የመጀመሪያው ኢስታንቡል ያለው የሸህዛዴ መስጂድ ነው። ሱልጣን ሱለይማን በ1543 የሞተበትን ልጁን መሕመድን ለማስታወስ አሠራው፤ በ1548 ተፈጸመ። ሲናን እዚህ የመረጠው ፍጹም ሚዛን ነው። 19 ሜትር ስፋት ያለውን ጉልላት በአራቱም አቅጣጫ በአራት ግማሽ ጉልላቶች ደገፈው። ከአራት ጎን የሚመጣ ግፊት በአራት ጎን ይመለሳል፤ ልክ እንደ ሒሳብ እኩልታ። ሆኖም አራት ትላልቅ ምሰሶዎች ከወለሉ መሀል ቆመው ቀሩ። ብዙ ሰው ይህን መስጂድ ከዓለም ውብ ሥራዎች ይቆጥረዋል፤ ሲናን ግን የተለማማጅ ሥራ አለው።

ሁለተኛው ሱለይማኒያ ነው፤ ከ1550 እስከ 1557 የተሠራ። ጉልላቱ 26.5 ሜትር ይሰፋል፤ ከወለሉ እስከ ጫፉ 53 ሜትር ነው። ከፍታው የስፋቱ እጥፍ መሆኑን ልብ በሉ። እዚህ ከአራቱ ግማሽ ጉልላቶች ሁለቱን ተወና በፊትና በኋላ ብቻ አስቀረ። በሁለቱ ጎኖች ግፊቱን የሚይዙትን የድጋፍ ግንቦች ከግድግዳው ጋር አዋሐዳቸው፤ ገሚሳቸው ወደ ውስጥ፣ ገሚሳቸው ወደ ውጭ ወጥቶ በመካከላቸው ሰገነት ሠራበት። የሚያይ ሰው ሰገነቱን ያያል እንጂ ሸክሙን የተሸከመውን ግንብ አያስተውልም።

ሱለይማኒያ መስጂድ ብቻ አልነበረም። በዙሪያው መድረሳዎች፣ ሆስፒታል፣ ለድሃ ምግብ የሚቀርብበት ወጥ ቤትና ሐማም ነበሩት። የግንባታው የሒሳብ መዝገብ እስከ ዛሬ ተርፏል። ከመዝገቡ እንደሚታየው ከሙያተኞቹ ግማሽ ያህሉ ሙስሊሞች፣ ግማሽ ያህሉ ክርስቲያኖች ነበሩ፤ ሁሉም ደመወዛቸው በየስማቸው ተመዝግቧል። ከክርስቲያን መንደር የመጣው መሐንዲስ የሁለቱንም ወገን እጅ ይዞ ሠራ።

ፒራሚድ በውሃ ላይ

ሦስተኛውን ከማየታችን በፊት ከከተማው ወጣ እንበል። ኢስታንቡል ሕዝቧ ሲበዛ ውሃ አነሳት። ሲናን በ1554 ክርክ ቸሽሜ የተባለውን፣ ትርጉሙም አርባ ምንጭ የሆነውን የውሃ መስመር መሥራት ጀመረ። ውሃው ከሰሜን ካሉ ጫካዎች ተነሥቶ በራሱ ቁልቁለት ብቻ እየወረደ ከተማ መድረስ አለበት፤ ሸለቆ ሲያጋጥም በድልድይ መሻገር ነበረበት።

በ1563 ታላቅ ጎርፍ መጣና ከድልድዮቹ አንዱን፣ ማግሎቫ የተባለውን አፈረሰው። ለመሐንዲስ ከዚህ የበለጠ ፈተና የለም። ሲናን ሰባ ዓመት አልፎት ነበር። ተመልሶ ሠራው። ዛሬ የቆመው ማግሎቫ ወደ 36 ሜትር ከፍታና ወደ 258 ሜትር ርዝመት አለው። ምሰሶዎቹን ስታዩአቸው ጫፉ የተቆረጠ ፒራሚድ ይመስላሉ፤ ከታች ሰፍተው ወደ ላይ ይጠባሉ። ውሃ የሚመታው ሥሩን ነው፤ ስለዚህ ክብደቱም ስፋቱም ከሥር ሆነ። ጌጥ የሚመስለው ቅርጽ ለጎርፉ የተሰጠ መልስ ነው። ከ450 ዓመት በላይ ቆሞ ይኸው አለ።

አራት፣ ስድስት፣ ስምንት

ከሱለይማኒያ በኋላ ሲናን ትናንሽ መስጂዶችን እንደ ላቦራቶሪ ተጠቀመባቸው ብል ማጋነን አይሆንም። ለሱልጣኑ ልጅ ለሚህሪማህ በኤዲርኔ በር አጠገብ በሠራው መስጂድ አንድ ኩብ ላይ አንድ ጉልላት አስቀመጠ፤ ግማሽ ጉልላት የሚባል ነገር የለም። አራቱን ግድግዳዎች በመስኮት ሞላቸው፤ ሕንፃው ከውስጥ እንደ ፋኖስ ያበራል። በኋላ የመጡ የመሬት መንቀጥቀጦች ይህን መስጂድ ደጋግመው ጎድተውታል። ግድግዳን በመስኮት ማሳሳት ዋጋ እንዳለው ከዚህ እንማራለን።

በሩስተም ፓሻ መስጂድ ጉልላቱን ከአራት ይልቅ በስምንት ነጥቦች ላይ አሳረፈው። በቃድርጋ ሰፈር ባለው በሶኮሉ መሕመድ ፓሻ መስጂድ ደግሞ ስድስት ጎንን ሞከረ። ነገሩ ግልጽ ነው፤ ባለ ስድስት ጎንና ባለ ስምንት ጎን ቅርጽ ከካሬ ይልቅ ለክብ ይቀርባሉ። ጎኖቹ በበዙ ቁጥር በክቡና በማዕዘኑ መካከል የሚቀረው ባዶ ቦታ ያንሳል፤ ሸክሙም ለብዙ ይከፋፈላል፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ምሰሶ ሊቀጥን ይችላል።

ሰሊሚያ

ከአያሶፊያ ጋር የነበረው ፉክክርም ነበር። አያሶፊያ በ537 የተመረቀች፣ ጉልላቷ ወደ 31 ሜትር የሚሰፋ ሕንፃ ናት። የመጀመሪያው ጉልላቷ በ558 ወድቆ እንደገና ተሠርቷል። በሲናን ዘመን የነበሩ የክርስቲያን ሙያተኞች ይህን የሚያህል ጉልላት ከሙስሊሞች ማንም አይሠራም ይሉ እንደነበርና ነገሩ ልቡን እንደነካው በሕይወት ታሪኩ ተጽፏል።

ዳግማዊ ሱልጣን ሰሊም በኤዲርኔ ከተማ መስጂድ እንዲሠራለት ሲያዝ ሲናን ወደ ሰማንያ የሚጠጋ ሽማግሌ ነበር። ሥራው በ1568 ተጀመረ። ሲናን በትናንሾቹ መስጂዶች የተማረውን ሁሉ ሰበሰበ። ስምንት ምሰሶዎችን አቆመና በተቻለ መጠን ወደ ግድግዳው ገፋቸው፤ በማዕዘኖቹ ትናንሽ ግማሽ ጉልላቶችን አደረገ፤ ከዚያ በላይ ከ31 ሜትር የሚበልጥ ስፋት ያለው አንድ ጉልላት አስቀመጠ። የገባ ሰው የሚያየው አንድ ሰፊ ቦታ ነው። በጉልላቱ መሀል ትክክል ካለው የሙአዚኖች ሰገነት በቀር ከሶፍ መካከል የሚገባ ትልቅ ነገር የለም። ኢማሙ ከየትም ይታያል።

በአራቱ ማዕዘን የቆሙት ሚናራዎች ወደ 71 ሜትር ይደርሳሉ። ከእነሱ በሁለቱ ውስጥ ሦስት ደረጃዎች እርስ በርስ ተጠማዘው ይወጣሉ፤ እያንዳንዱ ወደየራሱ ሰገነት ያደርሳል። ሦስት ሙአዚኖች በአንድ ቀጭን ሲሊንደር ውስጥ ሳይገናኙ ይወጡ ነበር።

ሲናን በዚህ ጉልላት አያሶፊያን በስፋትም በከፍታም እንደበለጠ ያምን ነበር። ሐቁን በመለኪያ ካየነው ግን ስፋታቸው ተቀራራቢ ነው፤ ከወለል ባለው ከፍታ አያሶፊያ 55 ሜትር ገደማ ስትሆን ሰሊሚያ ወደ 42 ሜትር ነው። የሰሊሚያ ብልጫ በቁጥር ሳይሆን ሸክሙን በተሸከመበት ቅለት ነው። ደግሞ በ1573 ራሷ አያሶፊያ ጥገና ሲያስፈልጋት እንድትደገፍ የተላከው ሲናን ነበር። የሚፎካከራትን ሕንፃ በእጁ ደግፎ አቆማት። ዛሬ ካለችበት የደረሰችው በእሱም ድካም ጭምር ነው።

ሱልጣን ሰሊም መስጂዱን ሳያየው በታኅሣሥ 1574 ሞተ። ሰሊሚያ በ1575 ለሶላት ተከፈተ። በ2011 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

ዘመዶቹን ያልረሳ ሰው

አሁን ወደ አግርናስ እንመለስ። ኦስማኖች ቆጵሮስን በ1571 ከያዙ በኋላ ደሴቲቱን በሰው ለመሙላት ከአናቶሊያ ቤተሰቦችን እያነሡ ማስፈር ጀመሩ። ከካይሰሪ አካባቢ ከሚነሡት መካከል የሲናን ዘመዶች ነበሩበት። ሰሊሚያ ገና ሳያልቅ፣ በ1573፣ ሽማግሌው መሐንዲስ ለመንግሥት ማመልከቻ አቀረበ፤ ዘመዶቹ እንዳይነሡ ለመነ። ተፈቀደለት፤ ትእዛዙም በመዝገብ ተጽፎ ቀርቷል።

ይህን ሳነብ ሕንፃዎቹን ሁሉ ለጊዜው ረሳኋቸው። መንደሩን ከለቀቀ ስልሳ ዓመት ገደማ ሆኖታል፤ ዘመዶቹ ክርስቲያኖች ናቸው፤ እሱ የሱልጣኖች ሰው ነው። ዝም ቢል ማንም አይወቅሰውም ነበር። እሱ ግን ዝምድናን መቀጠል ግዴታው መሆኑን ዐወቀ። በወቅፉም በዚያችው መንደር የውሃ ምንጭ አሠርቷል። በልጅነቱ የወሰደውን ሥርዓት መለወጥ አልቻለም፤ በእጁ ባለው ሥልጣን ግን ሌላ መነቀል እንዳይደርስባቸው አደረገ።

መጨረሻው

ሲናን ሦስት ሱልጣኖችን ሃምሳ ዓመት ያህል አገለገለ። በስሙ የተዘረዘሩት ሥራዎች ከ400 በላይ ናቸው፤ መስጂዶች፣ መድረሳዎች፣ ድልድዮች፣ ሐማሞች፣ ሆስፒታሎች። የመካ ሐረም መተላለፊያዎች ጠፍጣፋ ጣሪያ በትናንሽ ጉልላቶች የተተካበት እድሳትም በዝርዝሩ አለ። ሁሉን ብቻውን አልሠራም፤ በሥሩ ብዙ መሐንዲሶች የሚሠሩበት መሥሪያ ቤት ነበረው። በመጨረሻው ዘመኑ ሕይወቱን ለወዳጁ ለባለቅኔው ሳዒ ሙስጠፋ ቸለቢ እየተረከ አስጻፈ።

በ1588፣ በሒጅራ 996፣ ወደ መቶ የሚጠጋ ዕድሜ ይዞ ሞተ። ከሱለይማኒያ ግቢ ወጣ ብሎ፣ በመንገድ ማዕዘን ላይ ራሱ በሠራት ትንሽ መቃብር ተቀበረ። ትላልቅ ጉልላቶችን የሠራው ሰው ለራሱ ያስቀረው በቅስቶች ላይ ያረፈች አንዲት ትንሽ ጉልላት ነው።

ከእሱ እጅ ከወጡት አንዱ መሕመድ አጋ በ1609 የሱልጣን አሕመድን መስጂድ ጀመረ። ብዙዎቻችን በፎቶ የምናውቀው ሰማያዊው መስጂድ እሱ ነው። መሕመድ አጋ የተከተለው የሸህዛዴን ዕቅድ ነው፤ አራት ግማሽ ጉልላትና አራት ምሰሶ። ምሰሶዎቹ እያንዳንዳቸው ወደ 5 ሜትር ይወፍራሉ። መስጂዱ ውብ ነው፤ ነገር ግን ከሰሊሚያ ጋር አስተያዩትና ሲናን የመጀመሪያ ሥራውን ለምን የተለማማጅ እንዳለው ይገባችኋል።

እህት ወንድሞች፣ እኛ በአራት ወይም በአምስት ዓመት ዲግሪ ይዘን ስንወጣ ሁሉን የጨረስን ይመስለናል። ሲናን በሃምሳ ዓመቱ ጀመረ፤ ሰው ሁሉ ያደነቀለትን ሥራ ተለማማጅነት ብሎ ናቀው፤ ጎርፍ ያፈረሰበትን ተመልሶ ሠራ፤ በሰማንያ ዓመቱ ገና የተሻለ መልስ ይፈልግ ነበር። የፈለገው መልስም ለስሙ ብቻ አልነበረም። ከኋላ የቆመው ሰጋጅ ከፊት እንደቆመው ኢማሙን እንዲያይ ነበር። የምንስለው ኩብና ሉል አንድ ቀን ሰው የሚጠለልበት ይሆናልና መስመሩን ስናሰምር ከሥሩ የሚቆመውን ሰው እናስብ።

አላህ ይዘንለት፤ ሥራውንም ሰደቀቱል ጃሪያ ያድርግለት። እኛንም ጠቃሚ ዕውቀት ይወፍቀን። ወሏሁ አዕለም።